ታደሰ ከካንትሪ ወደ መዝሙር

ዘፈን የተወ ዘፋኝ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ታደሰ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ አሜሪካ ኖርክሮስ ከተማ ባለ መጠጥ ቤት ውስጥ የካውቦይ ባርኔጣ ደፍቶ ካንትሪ የሚሉትን የፈረንጅ የገጠር ዘፈን ይዘፍን ነበር። ሚስቱ አልማዝ ጥላው እንደሄደች ሲያንጎራጉር ፈረንጆቹ ቢራቸው ላይ ያለቅሱ ነበር።

ኋላ ጌታን ተቀበለ። ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ በዘመረበት እሁድ አልማዝ ሰምታ መጣች። ታደሰ ጊታሩን አንስቶ፣ በዚያው በመጠጥ ቤቱ ዜማ፣ "ቤቴን ትቼ የጠፋሁ እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ" ብሎ ዘመረ። ምእመኑም አለቀሰ።

አልማዝ ፓርኪንግ ላይ ጠበቀችው። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ።

"መጠጥ ቤት 'ጥላኝ ሄደች' ትላለህ፣ እዚህ 'የጠፋሁት እኔ ነኝ' ትላለህ። የቱ ነው እውነቱ?" አለችው።

"የዛሬው" አላት አቀርቅሮ።

"እንግዲያው ለጌታ የነገርከውን ለእኔም ንገረኝ።"

ይቅርታ ያለ ጊታር እንዲህ ይከብዳል እንዴ? ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገ። መኪናዬን አስነስቼ ስወጣ ገና አልጀመረም ነበር።