የዶክተሩ ጨጓራ

«ዘንድሮ እህል እንዴት ነው?» አሉ አንዲት እማማ፣ አጠገባቸው ወደተቀመጡት ሰውዬ ዞረው።

«አንድ አንድ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» አሉ ሰውዬው ሳያስቡት።

ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። የአእምሮ ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ ተራችንን እየጠበቅን ነው። ሰውዬው ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደዋል፤ ጣሪያ ሥር ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ሲመዘገቡ የእህል ነጋዴ ነኝ ብለዋል፤ እማማም የጠየቋቸው ይህንኑ ሰምተው ነው። ድምፁን ግን አወቅሁት። የራሴ የአእምሮ ሐኪም የነበሩት ናቸው።

እንዲህ ዓይነት ሰው የማያውቅ የለም። ለሰው ሁሉ መድኃኒት፣ ለራሱ ሰበብ የሚያዝ። ክቡር ዶክተር ደክሞኛል ብለው አያውቁም። ዓይናቸው ቀልቶ ሲገቡ «ጨጓራ ነው» ይላሉ። ምሳቸው ሳይነካ ሲመለስም ጨጓራ ነው። አንድ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ መኪናቸውን አቁመው፣ መውረድ አቅቷቸው መሪውን እንደያዙ ቀሩ። ጥበቃው መስኮቱን ሲያንኳኳ ለእሱም ያሉት ያንኑ ነው።

እኛን ታካሚዎቻቸውን ግን «ሕመም ሕመም ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም» ይሉናል፣ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። አምናቸው ነበር። ችግሩ የቢሯቸው በር ስስ ነው። አንድ ባልደረባቸው ሥራው ታክቶኛል ብሎ ፈቃድ የወጣ ሰሞን፣ ውጭ ተቀምጬ «እሱማ ብሎኑ ላልቷል» ሲሉ ሰማሁ። የሐኪሞቹ ሣቅ ኮሪደሩን ሞላው።

ከዚያ ዶክተሩ እኔን ማጽናናት ጀመሩ። ስለ ፍቺዬ። እኔ አግብቼ አላውቅም። ብነግራቸው «መካድ ያለ ነው» አሉኝ። ያ ሚስቱን የፈታው ምስኪን ታካሚያቸው ደግሞ የእኔን እንቅልፍ ማጣት ይታከም ይሆናል ብዬ ሣቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሣቁ ቀረ፤ ነገ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ቢያዙስ? ሐኪም ቀየርኩ። የሄድኩትም ብሎኑ ላላ ወደተባለው ነው፤ አሁን የራሱን ክሊኒክ ከፍቷል። ቢያንስ ደክሞኛል ማለት ያውቃል።

እና ይኸው ክቡር ዶክተር እዚሁ ክሊኒክ፣ ከፊቴ ተቀምጠዋል።

ነርሷ ብቅ ብላ «የእህል ነጋዴው» አለች። ማንም አልተነሳም። ደገመች። ዶክተሩም እንደኛው ዞር ዞር እያሉ ነጋዴውን ይፈልጋሉ። እማማ በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጓቸው ብድግ አሉ፤ ግን ወደ ሐኪሙ ሳይሆን ወደ መውጫው።

ዘልዬ እጅጌያቸውን ያዝኩ። አሁን ከወጡ እንደማይመለሱ ገብቶኛል።

«ዶክተር፣ ሕመም ሕመም ነው ብለውኝ አልነበር?»

«እሱ ለእናንተ ነዋ።»

ካሉት በኋላ ነው ራሳቸው የሰሙት። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

እጅጌያቸውን አልለቀቅሁም። ከዓመታት በፊት፣ በጣም ከፍቶብኝ በነበረ ጊዜ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ መሬት ተቀምጬ መነሳት አቃተኝ። ሁሉም ተነስ ይለኛል። እሳቸው ተነስ አላሉኝም። ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ አላፊ አግዳሚው እግራችንን እየተሻገረ ሄደ። እስክነሳ ድረስ አልተነሱም።

ብሎኑ የላላው ሐኪም ጫጫታውን ሰምቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። የድሮ ባልደረባውን ከኮፍያቸው እስከ ጫማቸው አያቸው።

«ግባ» አላቸው። «እስቲ ጨጓራህን እንየው።»

ዶክተሩ ገቡ።

ሦስት ወር ዕረፍት ወጡ። ሲመለሱ እኔም ወደ እሳቸው ተመለስኩ። ስለ ሚስቴ አልጠየቁኝም።