ስልኬን የዘጋሁበት ማክሰኞ

ሰው ሲጨንቀው ለጠበቃ ይደውላል። ጠበቃስ ሲጨንቀው ለማን ይደውል? ለሌላ ጠበቃ እንዳትሉኝ፤ እሱ ከኔ ብሶበት ነው የሚጠብቀኝ።

ይህን ያሰበ ደግ ሰው በቀደም እዚህ ጅማ ለጠበቆች የአእምሮ ጤና ስልጠና አዘጋጀልን። አሰልጣኟ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ናት። ዓይናችሁን ጨፍኑ ስትለን በየትኛው ሥልጣንሽ አልናት። ጭንቀት ልብን ይጎዳል ስትለን ማስረጃ አቅርቢ አልናት። ሻይ ዕረፍት ሳይደርስ እሷው ግንባሯን መያዝ ጀመረች።

እንደ ምንም ብላ አንድ የቤት ሥራ ሰጠችን፤ በሳምንት አንድ ቀን ስልክ ዘግቶ ማረፍ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ታምራት የሚባል ጠበቃ ነበር፤ በሰርቦው ደንበኛዬ በሐጂ ነስሩ ጉዳይ አምስት ዓመት ሙሉ በተቃራኒ ወገን የቆመብኝ። የቃል ስምምነት ለኛ መቼ ይበቃናል? ማክሰኞ ስልካችንን ልንዘጋ በጽሑፍ ተዋዋልንና ፈረምን።

ማክሰኞ ጠዋት ሄርማታ ገበያ ውስጥ እንደ ጡረተኛ ተንሸራሸርኩ። ሙዝ ገዛሁ፤ ከሻጯ ጋር እንኳ አልተከራከርኩም። ሁለተኛውን ሙዝ ስልጥ ግን የሐጂ ነስሩ ቀጠሮ ትዝ አለኝ። ዛሬ፣ ሰርቦ ፍርድ ቤት፣ ሦስት ሰዓት። አሁን አራት አልፏል። ቀጠሮዎቼን የምመዘግበው የት ይመስላችኋል? እዚያው የተዘጋው ስልክ ላይ ነዋ።

ሐጂ ከጎረቤታቸው፣ ከታምራት ደንበኛ ከአባ መጫ ጋር የሚካሰሱት በአንድ ረድፍ ቡና ነው። ረድፏን የተከሏት የሐጂ አባት ናቸው፤ ሐጂም ያለሷ እንቅልፍ የላቸውም። ከሳሾቹ እኛ ስለሆንን ከቀረን መዝገቡ ይዘጋል። እርስዎ አይድከሙ፣ እኔ አለሁ ያልኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ። ሚኒባሱ ውስጥ አሰልጣኟ እንዳስተማረችን በረጅሙ ስተነፍስ፣ ከጎኔ የተቀመጡ እናት አስም ያለብኝ መስሏቸው መስኮቱን ከፈቱልኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ መዝገቡ ተዘግቷል አለችኝ። የሽማግሌውን ቡና በሁለት ሙዝ ለወጥኩት ማለት ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በራሴ አፈርኩ።

ስወጣ፣ ስገባ በጥድፊያ ያላየኋቸውን ሐጂን በር ላይ አገኘኋቸው። ከአባ መጫ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው በጠዋት መጥተው ኖሯል። ጠበቆቻችን የሉም፣ ስልካቸውም ዝግ ነው ብለው ለዳኛው ቢነግሯቸው፣ እስኪመጡ ውጭ ጠብቁ ተባሉ። መጀመሪያ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ። ቆይተው ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ከዝናቡ ወደ ቡናው፣ ከቡናው ወደ ረድፏ ተሻገሩ። አብረው ለቅመው እኩል ሊካፈሉ ተስማሙና ገብተው ለዳኛው ነገሯቸው። መዝገቡ የተዘጋው በስምምነት ነው።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሐጂ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ሻይ አዘዙልኝ።

“አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ” አሉኝ፤ “ምነው ይህን ስልክ የዛሬ አምስት ዓመት በዘጋኸው ኖሮ።”