የቢጫ ቅጠል ሐኪም

ሞንቴቪዴዮ ውስጥ የቅጠል ሐኪም የሌለው ሕንፃ የለም። አሳንሰር የሌለው ሞልቷል፤ ሙቅ ውሃ የሚቆራረጥበትም፣ የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ዓመት ያለፈውም አለ። ሕጉ በየቤቱ ስድስት እግር ካናቢስ መትከል ከፈቀደ ወዲህ ግን ቁም ሣጥኑ ውስጥ መብራት የሚሰቅል ጀማሪ እንደ አሸን ፈልቷል። ጀማሪ ባለበት ቢጫ ቅጠል አለ። ቢጫ ቅጠል ባለበት ደግሞ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ተቀመጥ ሳይሉት የሚቀመጥ፣ ፔርሙሱን በብብቱ የሻጠ አንድ ሰው አይጠፋም።

ኮርዶን ሰፈር ባለች አንዲት ባለአምስት ፎቅ ሕንፃ ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት ክቡር ዶን ኤቤር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ ወጡ። በግብርና በኩል ያላቸው ልምድ፣ ከአራት ዓመት በፊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያሳደጓት አንዲት እግር በሁለት ወሯ መሞቷ ነው። ሌላ ሰው ከእንዲህ ያለ ሐዘን በኋላ ተስፋ ይቆርጣል። እሳቸው ተመረቁበት።

ሕንፃው በሙሉ "እሳቸው" ይላቸዋል። ሚስቱ ኒቢያ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ካልሲውን ስትፈልግለት የኖረች ሴት ናትና "እሱ" ትለዋለች። ይህ ነገር ከእሷ ወገን ስለሚነገር እኛም እሱ እንበለው።

ኤቤር የሕመምተኛ ቤት ሲገባ፣ ገና ኮፍያውን ሳያወልቅ "ከታች ነው የጀመራት ከላይ?" ይላል። ከታች ከሆነ ረሃብ ነው፤ ማዳበሪያ ትፈልጋለች። ከላይ ከሆነ ምግቡ ቀርቦላት ሥሯ አልቀበል ብሏል፤ ውሃው አልተስማማትም። ጫፏ ከተቃጠለ ጥጋብ ነው፤ ጠርዟ ወደ ላይ ከተጠቀለለ መብራቱ ቀርቧታል፤ ቅጠሏ እንደ ሰካራም እጅ ከተንጠለጠለ ውሃ በዝቶባታል። ከዚያ ማጉያ መነጽሩን ያወጣል፤ ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ይገለብጣል፤ ከጀርባው ተባይ ይፈልጋል፤ ዝም ይላል። ዝምታው ረጅም ነው። የአንደኛ ፎቁ የሒሳብ ሠራተኛ ሚልቶን "ልቤን ሲመረምሩኝ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም" ብሏል። በመጨረሻ ኤቤር "ቅጠል አይዋሽም" ይልና ትእዛዙን ይሰጣል። በሽታው ምንም ይሁን ምን ትእዛዙ አንድ ሳምንት መታገስ ነው።

ይህ ሁሉ ኒቢያን ባልከፋት ነበር። ያስከፋት የስልኩ ድምፅ ነው። ጠዋት ጠዋት ስልኩን አንሥቶ፣ ከእሷ ጋር ሲነጋገር ሰምታው በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ "ልጅቷ እንዴት አደረች?" ይላል። "አቅፋችሁ አታስጨንቋት፤ ትንፋሽ ስጧት።" "አይ የኔ ቆንጆ፣ ፊቷ ገርጥቶባት ነው?" ኒቢያ ይህን እየሰማች ድንች ትልጣለች፤ ልጣጩም ቀን ከቀን እየወፈረ ሄደ።

ባለፈው መጋቢት ፀጉሯን አሳጥራ ተቆረጠች፤ የመዳብ ቀለምም ተቀባች። አራት ቀን አላየም። በአምስተኛው ቀን ምሳ ላይ ሹካውን አስቀመጠና ወደ ራሷ አቅጣጫ አተኩሮ ተመለከተ። ኒቢያ አንገቷን ቀና አደረገች።

"ከኋላሽ ያለው አበባ ጥላ መትቶታል" አለ።

በወሩ ሃያ ዘጠነኛ ቀን አገሩ በሙሉ ኞኪ የሚሉትን የድንች ፓስታ ይበላል፤ ኒቢያም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሃያ ዘጠኝ አልዘለለችም። ከሐምሌ ጀምሮ ግን ኞኪው እየቀዘቀዘ ነው የሚበላው፤ ምክንያቱም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማቤል አለች።

ማቤል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጉልበቷን ያማታል። ሰው መክሯት፣ እዚህ አገር የካናቢስ ተካይ በሚመዘገብበት ፖስታ ቤት ሄዳ ተመዘገበች፤ የሟቹን ሙሉ ልብሶች ከቁም ሣጥኑ አወጣች፤ በምትካቸው አንዲት እግር ካናቢስ በሸክላ ማሰሮ አስገባች። ከዚያ በፊት ባሲል እንኳ አሳድጋ አታውቅም። ኤቤር መጀመሪያ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሄድ ነበር። ቀጥሎ ሐሙስ ተጨመረ። በነሐሴ መጨረሻ እሑድ ብቻ ነበር የቀረችው፣ እሷም ማቤል ቤተ ክርስቲያን ስለምትሄድ። የሚገርመው፣ እሱ በተመላለሰ ቁጥር ተክሏ ይብስባታል።

ኒቢያ ደረጃውን ስታጥብ ይህን አሰላስላ ወደ አንድ ድምዳሜ ደረሰች። ሴትዮዋ ሆን ብላ ነው። ራሷ ቅጠሎቹን ትቆነጥጣለች፤ ወይ ጨው ታጠጣቸዋለች። የታመመ ቅጠል የማያልቅባት ሴት ባል አያልቅባትም።

ስለዚህ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጣፋጭ ጋገረች፤ በሳሕን ይዛ ሌባዋን እጅ ከፍንጅ ልትይዝ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

"ግቢ ኒቢያ" አለች ማቤል በሩን ከፍታ። "ዶን ኤቤር እዚህ ናቸው።"

"አውቃለሁ። ድምፁ ደረጃው ድረስ ይሰማል።"

ኤቤር የተከፈተው ቁም ሣጥን ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ኮት ይሰቀልበት በነበረው ብረት ላይ መብራቱ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ተክሏ ግማሽ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ አንገቷን ደፍታለች፤ ማሰሮው ዙሪያ ጥቃቅን ዝንቦች ይዞራሉ። ብብቱ ውስጥ ፔርሙስ፣ እጁ ላይ እንደማንኛውም የዚህ አገር ሰው ቅል ሙሉ ማቴ፣ በሙቅ ውሃ የሚዘፈዘፈው የቅጠል ሻይ። በብረቱ መምጠጫ ይስባል፤ ይናገራል፤ እንደገና ይሞላል።

"ውሃ ስንቴ አጠጣሻት?"

"በሳምንት አንዴ፣ እንዳሉኝ" አለች ማቤል።

"አፈሩ ግን ጭቃ ነው። ቅጠል አይዋሽም፣ ዶኛ ማቤል። ከአፈሩ ሥር የሆነ ነገር አለ።"

ይህን ሲል እጁ፣ ዓይኑንም አፉንም ሳያማክር፣ ቅሉን ወደ ማሰሮው ዘንበል አደረገና የቀረውን ሙቅ ውሃ ደፋው። ትንሽ ቆይቶ የረጠበውን ያለቀ ቅጠል በጣቱ ጫር አድርጎ እሱንም እዚያው ጣለ። ሲያደርገው እንደ መተንፈስ ነበር። እናቱም እንዲሁ በረንዳ ላይ ባሉት አበቦች ላይ ትደፋ ነበር፤ የኒቢያም እናት፤ የሁሉም እናት። በረንዳ ላይ ፀሐይና ነፋስ ያደርቀዋል። ቁም ሣጥን ውስጥ ማን ያድርቀው?

ኒቢያ ማቤል ይህን አይታ እንደሆነ ለማወቅ ዞር አለች። ማቤል ማሰሮውን አላየችም። የምታየው የኤቤርን አፍ ነበር።

ሳሕኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። በሰው ፊት አታዋርደውም፤ ይህን ያህል ትወደዋለች። ግን ደረጃውን ስትወርድ እንደ ልጅ እየዘለለች ነበር የወረደችው።

ማታ ኤቤር ለእራት ሲቀመጥ ጠየቀችው።

"ማቤል ቤት ማቴህን የት ነው የምትደፋው?"

"የት እደፋለሁ? ማጠቢያው ላይ ነዋ።"

"ማሰሮው ላይ። ዛሬ እኔ እያየሁ ሁለቴ።"

ሊስቅ ጀመረ።

"ሚልቶን ቤትስ?" አለች።

ሳቁ ቆመ። ሚልቶን ቤት ማጠቢያው ሩቅ ነው፤ በሌላ ክፍል። አምስተኛ ፎቅ ያሉት እኅትማማቾች ቤትም እንዲሁ። የሁለቱም ቤት ተክሎች ሥራቸው በስብሶ ነበር የሞቱት። የራሱም፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የነበረችው፣ ጠዋት ጠዋት አጠገቧ እየተቀመጠ ማቴውን እየጠጣ ሲያጫውታት ነበር የሞተችው። ኒቢያ ይህ ሁሉ በፊቱ ላይ አንድ በአንድ ሲያልፍ አየች። እዚህ ላይ መተው ትችል ነበር። አልተወችም።

"በሽታው አንተ ነህ፣ ሽማግሌው" አለችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤቤር ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ኒቢያ ስንት ወር የተመኘችው ነገር ተፈጸመላት፦ ባሏ ቁርስ ላይ አለ፤ ምሳ ላይ አለ፤ እራት ላይም አለ። ስልኩ ሲጮኽ አያነሣም። ማቴውን ጠጥቶ ሲጨርስ ይነሣና ማጠቢያው ድረስ ሄዶ ይደፋል፤ ቅሉንም ሁለቴ ያጥባል። ከዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ያያል። በሦስተኛው ቀን ፀጉሯን አየ። "አምሮብሻል፣ አሮጊቴ" አላት፤ በእንዲህ ያለ የሞተ ድምፅ ከሚነግራት ዝም ቢላት በወደደች።

በስድስተኛው ቀን ማቤል ደወለች። ተክሏ አዲስ ቅጠል አውጥታለች፤ አረንጓዴ፤ ዶን ኤቤር ያዘዙት ሠርቷል፤ ለምን ጠፉ? ኒቢያ ደስ ይለው መስሏት ነገረችው።

"ስላልሄድኩ ነው የዳነችው" አለ፣ ከግድግዳው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።

ኒቢያ ያን ቀን ድንቹን ልጣ ስትጨርስ ምንም የተረፈ ድንች አልነበረም።

በማግስቱ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ወጣት የሴት ድምፅ ነው። ሮሚና ትባላለች፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችው የጥርስ ሐኪም ናት። የመጀመሪያ ተክሏ ናት፤ ላይኛው ቅጠሏ በጅማቶቹ መካከል ነጣ ነጣ እያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ዶን ኤቤርን ጠይቂ ይላታል። ኒቢያ ሴትዮዋን በመስኮት አይታታለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥርሷም እንደ ሙያዋ ነው። "ባሌ ለአንድ ወር ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዷል" ለማለት አፏን ከፈተች።

በረንዳው ላይ የኤቤር ጆሮ ወደ ስልኩ ዘንበል ብሎ ነበር። ጆሮው ብቻ፤ ራሱን ለማዞር አልደፈረም።

"ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እንመጣለን" አለች ኒቢያ። "ሁለታችንም።"

መንገዱን ተሻግረው የጥርስ ሐኪሟ በር ጋ ሲደርሱ ኤቤር ደወሉን አልጫነም። ኮፍያውን አውልቆ ያዘ። ጣቱን ወደ ደወሉ ዘረጋና መለሰው።

"ምን ሆንክ?" አለችው።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። በሩ ላይ ስደርስ።"

"ምን ሁልጊዜ?"

"ባላውቀውስ እላለሁ። ሲከፍቱልኝ ፊታቸውን ስታዪው፣ አሮጊቴ፣ አውቃለሁ ከማለት ሌላ ምን ትያለሽ? ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ስቆርጥ ፊቴን ያየ ሰው አልነበረም። እጄን ነበር የሚያዩት።"

ኒቢያ ይህን ሰው አውቀዋለሁ ብላ ነበር የኖረችው። የካልሲውን ቀዳዳ እንኳ የግራውን ከቀኙ ለይታ ታውቃለች። አሁን በሩ ፊት ቆማ፣ ስንት ቤት በር ላይ ብቻውን እንዲህ ጣቱን ሲዘረጋና ሲመልስ እንደነበር አሰበች፤ እሷ ታች ልጣጭ እያወፈረች።

"እንግዲያው አላውቅም በል" አለችው። "እኔ አጠገብህ ነኝ።" ፔርሙሱንም ቅሉንም ከእጁ ተቀብላ ደወሉን ጫነች።

ሮሚና ከመስኮት ከታየችው በላይ ቆንጆ ነበረች። ወደ ቁም ሣጥኗ ወሰደቻቸው። ኤቤር ጎንበስ አለ፤ ከታች ይሁን ከላይ ራሱ አየ፤ ማጉያውን አወጣ፤ ቅጠሉን ገለበጠ፤ ዝም አለ። ዝምታው ከወትሮውም ረዘመ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በሞንቴቪዴዮ ካሉ የቅጠል ሐኪሞች ከአንዳቸውም አፍ ያልወጣ ነገር ተናገረ።

"አላወቅሁትም፣ ልጄ።"

ኒቢያ የሴትዮዋ ፊት ይጠቁራል ብላ ተመለከተቻት። አልጠቆረም።

"አራት ሰው አይቶልኛል" አለች ሮሚና ቀስ ብላ። "አራቱም ያለ ጥርጥር ነገሩኝ፤ አራቱም ተለያዩ። እውነቱን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።" የራሷን ባለመደገፊያ ወንበር ጎትታ አቀረበችለት። "ይቀመጡ ዶን ኤቤር። አብረን እንፈልገው።"

ኤቤር ተቀመጠ። ፊቱ ላይ የቁም ሣጥኑ መብራት ቀይ ብርሃን አረፈበት፤ እፍረቱም ገና አልለቀቀውም፤ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው። ኒቢያ እስከዛሬ የቀናችበት ሁሉን አውቃለሁ የሚለው ኤቤር ነበር፤ ከእሱ ጋር ደግሞ እንዴት እንደሚኖር ታውቅበታለች። ይሄኛው፣ አላውቅም ብሎ ቀና የሚለው፣ ከእሷ በቀር ማንም አይቶት አያውቅም ነበር፤ እሷም ያየችው ከአምስት ደቂቃ በፊት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አንዴ ያየች ሴት ደግሞ ነገም ና ትለዋለች።

ሳይፈቀድላት ወደ ወጥ ቤት ገባች። አንድ ወንበር አንሥታ ተመለሰች፤ በሁለቱ መካከል አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት።