በጭብጨባ የተሰጠ አንጀት

ጭብጨባ ምንም የማያስከፍል ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ካልተቀመጣችሁ አልፈርድባችሁም። እሑድ እሑድ ጠዋት እየተሰበሰብን ያላነበብነውን ሁሉ አጨብጭበን እናጸድቅ ነበር፤ የቀረ ሰው የስኳር ራሽኑ ስለሚቀርበት የሚቀር አልነበረም። ለምን እንደማጨበጭብ ሳላውቅ ያጨበጨብኩበት ቀን ይበዛል።

ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ጉርድ ሾላ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንጀታቸው ተጠማዞ ሐኪሞች አብዛኛውን ቆርጠው አወጡት፤ ከዚያ ወዲህ የበሉት ሁሉ ሳይጠቅማቸው ያልፍ ጀመር። በየሳምንቱ የራሳቸውን ሱሪ ወገብ ሲያጠብቡ አያለሁ። ሐኪማቸው ውጭ አገር ከሌላ ሰው የተወሰደ አንጀት መትከል እንደተጀመረ፣ የሚተርፈው ግን ጥቂት እንደሆነ ነገራቸው። ለውጭ ሕክምና ፈቃድ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ወረቀት ከነማኅተሙ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ሊቀመንበራችን ግን ዘመቻ የሚወድ ሰው ነው። በእሑዱ ስብሰባ ላይ ከማመልከቻቸው ጋር የተያያዘውን የሐኪሙን ማስታወሻ ጮክ ብሎ አነበበና «አንጀት ሰጪ» የምትለው ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ለዚህ ደግሞ የባዕድ እጅ አናይም። ጓድ ደምሴን በራሳችን አቅም እናድናለን። ከአርባ አምስት ዓመት በታች የሆነ ነዋሪ ሁሉ በፈቃደኝነት አንጀት እንዲሰጥ የቀረበውን ሐሳብ የሚቃወም አለ?»

እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሆዷን በነጠላዋ ሸፈነች። የሚቃወም ሰው ምን እንደሚባል፣ ከዚያም ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ከፊት አንዱ አጨበጨበ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተከተለ። እኔም።

ከኋላ አንድ ቀጭን እጅ ወጣ። ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ ግድግዳውን ተደግፈው።

«እኔ እቃወማለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። የማንንም አንጀት በግድ አልወስድም። ደብዳቤዬ ብቻ ይጻፍልኝ።»

«ጓድ ደምሴን የሚደግፍ?» አለ ሊቀመንበሩ፣ ዓይኑን በየወንበሩ እያዞረ።

ጋሽ ደምሴ እኔን አዩኝ። የለበስኩት ሱሪ እሳቸው የሰፉት ነው። እጄን ጭኔ ሥር ከተትኩት። አፈርኩ፤ ግን አላወጣሁትም።

ደብዳቤው ሳይጻፍ ቀረ፤ ቀበሌው በራሱ አቅም ሊያድናቸው ወስኗላ። አንጀታችንን ሊወስድ የመጣም ሐኪም አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ደብዳቤው ቢጻፍ ይድኑ ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ ምናልባት አይድኑም ነበር። ቃለ ጉባኤው ግን ዛሬም አንዱ ሣጥን ውስጥ ይኖራል። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላል፤ ከሥሩ የኔም ፊርማ አለበት። በወረቀቱ መሠረት እኔ ለጋሽ ደምሴ አንጀቴን ሰጥቻለሁ።