የጽሑፍ ሥራ ፈተናና የዘምዘም ስም

«አባባ፣ ፋይሉ ውስጥ ይግቡ!» ይለኛል ጎረምሳው። እገባ ነበር፤ በሩን ማን አሳየኝ? ቀኝ እጄን አይጥ የምታህል ነገር ላይ ጭኜ ቁጭ ብያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ከወልድያ ወጥቶ ወደ ቆቦ ራቅ እንዳለ፣ እኔ በር የምጠብቅበት መሥሪያ ቤት የተሰባበሩ የውሃ ፓምፖችን ማስጠገን ጀመረ። ለየቀበሌው የጥገና መመሪያ በኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ተፈለገ። አመልካቹ ሁሉ ሰርተፊኬት ይዞ መጣ። ኃላፊው ግን ወረቀት አላመኑም። «መመሪያ ጸሐፊ የማያውቀውን ሰው የሚመራ ነው» አሉ። «እጃችሁ ሳይነካ፣ በአፍ ብቻ እየመራችሁ አንድ ሰው ቃል እንዲጽፍ፣ እንዲያጎላና ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ታደርጋላችሁ። ሰዓት ይያዛል።» ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ባለማወቄ ተፈልጌ ስጠራ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ጎረምሳው «ይግቡ፣ ይውጡ» እያለ ላብ በላብ ቢሆንም፣ «ወልድያ» አስጽፎኝ በሰዓቱ አስቀመጥነው።

ቀጥላ ሰዓዳ የምትባል የመርሳ ከተማ ልጅ ገባች። ቤታቸው ተዘርፎ እናቷን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ በር ላይ ተራ ስትጠብቅ ነግራኛለች። እናንተ እንግዲህ ለዘበኛ ያላችሁ ሁለት ቃል ነው፤ ክፈት፣ ዝጋ። ቤቴ ስገባማ እሱንም የሚለኝ የለም። ይቺ ልጅ ብትቀጠር ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ» የሚለኝ አገኛለሁ አልኩ፣ በሆዴ።

«አባባ፣ የማንን ስም እንጻፍ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈተናው ላይ አልነበረም። «የዘምዘምን» አልኩ።

«ከታችኛው የፊደል ረድፍ በግራ ዳር ያለችውን ይጫኑ። ጎሽ! አሁን ከላይኛው ረድፍ ሦስተኛዋን።»

ስሙ ተጻፈ። አጎላነው፤ ስክሪኑን ሞላው። ማንበብ ባልችልም ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ማስቀመጥ ብቻ ቀረን።

«ባለቤትዎ ናቸው?»

«ነበረች። ከተማዋ ተይዛ ሳለ የስኳር መድኃኒቷ አለቀ። ለቅሶ የደረሰ የለም።»

ያገሬን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ሞት ሰምቶ ዝም ብሎ ወደ ሥራው አይመለስም። ሰዓዳ ሰዓቱንም ፈተናውንም ትታ እጆቿን ዘርግታ ዱዓ ማድረግ ጀመረች። እኔም «አሚን» ለማለት እጄን ዘረጋሁ፤ አይጧ ብቻዋን ቀረች። ኃላፊው ክርስቲያን ናቸው፤ እሳቸውም ከወንበራቸው ተነስተው አንገታቸውን ደፉ። ዱዓው ሲያበቃ ቀና ብለው ሰዓታቸውን አዩ።

«ነፍሷን ይማር። ጊዜው አልቋል።»

ስሙ ሳይቀመጥ ተዘጋ።

ሥራውን ጎረምሳው አገኘ። ክፉ ልጅ አይደለም። በአንቱታ ነው የሚያናግረኝ፤ ይክፈቱ፣ ይዝጉ ይለኛል።

ያን ቀን ሰዓዳን ስሸኝ፣ በእኔ ምክንያት እንጀራሽ ቀረ ልላት ፈልጌ ነበር። በሩን ከፈትኩላት። ወጣ ካለች በኋላ ተመለሰች፤ ሻሿን አስተካክላ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ያኔ ለቅሶ ሳልደርስዎት ቀረሁ፤ መንገድ ተዘግቶብን ነው።»