ሰላምታ ያለው ይግባ

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከሥራ ሁሉ ከባዱ በር መዝጋት ነው። መክፈትማ ማንም ይከፍታል፤ ሕፃንም ይከፍታል፣ ነፋስም ይከፍታል። መዝጋት ግን ትምህርት ይፈልጋል፤ ባሕር ዳር ላይ ያሳደጉን ሰዎች ደግሞ ይህን ትምህርት ዘልለውታል። እስቲ ሐይቁ ዳር ወጣ ብላችሁ ተቀመጡ። የጀልባ ደላላው ይመጣና ገዳም ላድርስዎ ይላችኋል። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ የሸበትሁ ሰው ነኝ ብትሉት አይሰማችሁም። «እንደምን አሉ ጋሼ፣ ቤተሰብ ደኅና?» ካለ በኋላማ አለቀላችሁ። ቤተሰቤን የጠየቀኝን ሰው እንዴት አድርጌ ሂድ እለዋለሁ? ገዳማቱን ከመነኮሳቱ እኩል የማውቃቸው በሃይማኖተኛነቴ እንዳይመስላችሁ።

ይህን ያነሣሁት ስለ ኢሜይል ላወጋችሁ ፈልጌ ነው።

ኢሜይል ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከሚደርሰው መልእክት አብዛኛው ከማያውቀው ሰው ስለማይፈልገው ነገር የተጻፈ ነው። ሊቃውንቱ «አይፈለጌ መልእክት» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ወጣቶቹ ስፓም ይሉታል። ስም በማውጣት እኛን የሚያህል የለም።

የእኔ ጣጣ የጀመረው ከአንዲት መበለት ነው። አገሯን በውል አልነገረችኝም። ባሏ ጄኔራል ነበር፤ ሞተ፤ ወርቅ ትቶላት ሞተ፤ ወርቁን ከእኔ ጋር መካፈል ትፈልጋለች። አማርኛዋን ማሽን ስለ ገለበጠላት አንድ ቦታ አንተ፣ አንድ ቦታ አንቺ ትለኛለች፤ ኀዘን ላይ ያለ ሰው ነውና አልተቀየምኋትም። ወርቁን አልተመኘሁትም፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። ግን እናንተው ፍረዱኝ፤ ሰው ባሌ ሞተ ብሎ ጽፎልኝ ዝም ልል ነው? «እግዜር ያጽናዎት፤ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ወርቁን ለነዳያን ቢያደርጉት ለእሳቸውም ይበጃል» ብዬ መለስሁላት።

በማግሥቱ መበለቶች በዙ። ያን ሁሉ ጄኔራል በአንድ ጊዜ ምን እንደ ፈጀው እንጃ። እነሱን ተከትለው የሎተሪ ሹሞች መጡ፤ የፀጉር ቅባት ነጋዴዎች መጡ፤ ዘመድህ ነኝ የሚል የባሕር ማዶ ልዑልም መጣ። ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ለእንዲህ ያለው መልእክት አንድ ጊዜ መልስ የሰጠ ሰው አድራሻው «እዚህ ቤት ሰው አለ» ተብሎ ለሌሎቹ ሁሉ ይታደላል። እኔ ለቅሶ የደረስሁ ነበር የመሰለኝ።

ሰዒድ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ቤተሰቦቹ ወረታ ላይ የታወቁ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱ ሹም አቦ ሰፈር፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት፣ የስልክና የኮምፒውተር ሱቅ ከፍቷል። የመጣ ደንበኛ ምንም ይመመው ምን፣ የሰዒድ መድኃኒት አንድ ነው፤ አዲስ ስልክ። «ይኸ ስልክህ እኮ የአንተ እኩያ ነው፤ ጡረታ አውጣው» አለኝ። ከእኔ በፊትማ አይወጣም ብዬ ስከራከረው፣ ቅር እያለው፣ ደንብ የሚባል ነገር መኖሩን ነገረኝ። ለካ ኢሜይል ደንብ ይጻፍለታል። እንዲህ ያለው መልእክት ይግባ፣ እንዲያ ያለው ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይሂድ ትሉታላችሁ። እሱም ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ ከመልእክቱ ጋር መጀመሪያ የገጠመውን ደንብ ይፈጽምና የቀሩትን አያይም።

ደንብ ሲሉኝ ደሜ ሞቀ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ያወጣውን ደንብ ሳስፈጽም ኖሬ በስተርጅና ደንብ አውጪ ልሆን ነው። ቁጭ ብዬ ጻፍሁ። ሎተሪ የሚል ወደ ቅርጫት። ወርቅ የሚል ወደ ቅርጫት። ጄኔራል የሚል፣ ማዕረጉ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ወደ ቅርጫት።

ጽፌ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። መሸንቲ የሚኖሩ ጋሽ ቢተው የሚባሉ አጎት አሉኝ። ኢሜይል ልከው አያውቁም። ግን ቢልኩስ? ደኅንነቴን ጠይቀው ሲያበቁ በጨዋታ መሐል የወርቅ መወደድ ቢያነሡስ? እኒያን የመሰሉ ሽማግሌ ከፀጉር ቅባት ጋር ቅርጫት ውስጥ ልከታቸው ነው? ስለዚህ አንድ ደንብ ጨመርሁ፤ በሰላምታ የጀመረ፣ ጤናና ቤተሰብ የጠየቀ ይግባ። የት ላስቀምጠው? ሽማግሌ ከታች አይቀመጥም። ከሁሉ በላይ አስቀመጥሁት። ከሥሩ ደግሞ፣ ባለጌን ለመቅጣት፣ ሌላ አስከተልሁ፤ ሰላምታ ሳይሰጥ በአስቸኳይ የሚል፣ ወይም ይሰረዛል እያለ የሚያስፈራራ፣ ወደ ቅርጫት ይሂድ።

ሰዒድ አይቶት ሣቀ። «እንደ ሰርግ ቤት ነው እንዴ የደረደርኸው? ሽማግሌ ከላይ!» አለኝ። ሙገሳ መስሎኝ አመሰገንሁት።

አሁን ባለቤቴን ዘሪቱን ላስተዋውቃችሁ። ዘሪቱ ፋርማሲስት ናት፤ የምትሠራው ደብረ ታቦር ነው። ዓርብ ማታ በሚኒባስ ትመጣለች፣ እሑድ ከሰዓት ትመለሳለች። ትዳራችን እንደ ገጠር ገበያ ቀን ጠብቆ የሚውል ነው። ከእኔ ይልቅ የሚኒባሱን ሾፌር እንደምታውቀው ስትነግረኝ እየቀለደች ይመስለኝ ነበር። በዚህ መሐል እዚሁ ባሕር ዳር፣ አንድ ሆስፒታል፣ የፋርማሲስት ቦታ ክፍት ሆነና አመለከተች። ይህ ካመለጣት ሌላው መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ማመልከቻው ኢሜይል ጠየቀ፤ የእሷ የይለፍ ቃል ጠፍቶባት ነበር። የእኔን አስገቢ ብዬ የለመንኋት እኔው ነኝ። የእኔ የኢሜይል ሳጥን ደንብ አለው፣ አንዲት ነገር አትጠፋበትም አልኋት። እንደ አዲስ መድኃኒት ከላይ እስከ ታች አየችኝና አስገባችው።

መጠበቅ ጀመርን። ሳጥኑን ጠዋትም ማታም እከፍታለሁ። መበለቶቹ እንዳሉ ናቸው። እንዲያውም አምሮባቸዋል። «ጤና ይስጥልኝ ውድ ወንድሜ፣ ቤተሰብዎ እንዴት ነው?» ብለው ይጀምሩና ወደ ወርቃቸው ይገባሉ። እንዴት እንደሚያልፉ ግራ ገባኝ። ወርቅ በሚለው ደንብ ላይ አልማዝ ጨመርሁበት። አልማዝ ላይ ዕንቊ ጨመርሁበት። የከበረ ድንጋይ ስም አለቀብኝ። ሰዒድን ባማክረው ስልኩ አርጅቷል አለኝ። ከሆስፒታሉ የመጣ ግን አንድም ነገር የለም።

ዘሪቱ ትደውላለች። መልስ አልመጣም እላታለሁ። ሌላ ሰው መርጠው ይሆናል ትላለች። አንድ ቀን ድምፅዋ ቀዝቀዝ አለብኝና «ተወው፣ የደብረ ታቦርን ብርድ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምሳዬ አልበላ አለኝ። እኔ ደግሞ ምሳ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

ቅዳሜ ጠዋት አጠገቤ ተቀምጣ ስልኩን አምጣ አለችኝ። ሰጠኋት።

«ውድ ወንድሜ የምትልህ ይህች ሴትዮ ማን ናት?»

«ባሏ የሞተባት ናት» አልሁ።

«ይህችኛዋስ?»

«እሷም ሞቶባታል።»

ደንቦቹን ከፍታ፣ የሐኪም ትእዛዝ እንደምታነብ ሁሉ፣ ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። እመጀመሪያው ላይ ቆመች።

«ይኸ ለማን ነው?»

«ለጋሽ ቢተው።»

«ጋሽ ቢተው ኢሜይል አላቸው?»

«የላቸውም። ግን ቢኖራቸው ብዬ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሁለተኛውን አነበበች። ከዚያ ቅርጫቱን ከፈተችው።

እዚያ ነበር። ሆስፒታሉ እንደ መሥሪያ ቤት ወግ አጭር አድርጎ ጽፏል፤ «ሰኞ ጠዋት ለፈተና በአስቸኳይ እንዲቀርቡ። ካልቀረቡ ማመልከቻዎ ይሰረዛል።» አበቃ። እንደምን አሉ የለ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው የለ። የጤና ተቋም ሆኖ ጤና አይጠይቅም! ይህን ጮክ ብዬ ልናገር ስል ፊቷን አየሁና ተውሁት።

ሰኞ ማለት ከነገ ወዲያ ነው። ያን እሑድ ሚኒባሱ ያለ ዘሪቱ ሄደ። እሷ መጽሐፏን ይዛ ስታጠና፣ እኔ ወጥ ስሠራና ወጥ ሳሳርር ዋልን። ሰኞ ተፈተነች። አለፈች። ቦታውን አገኘች። ስትበቀለኝ እንኳ አልጮኸችብኝም፤ ቀስ ብላ «ሰው ማክበርህን አልጠላሁም» አለችኝ፤ «ግን ሁለተኛ ከጋሽ ቢተው በታች እንዳታስቀምጠኝ።»

ያንኑ ዕለት የዘሪቱን ስም የያዘ ሁሉ ይግባ የሚል ደንብ ጽፌ ቁንጮው ላይ ሰቀልሁት። የሰላምታውን ደንብ አጥፋው ብላኝ ነበር፤ እሺ አልኋት። ጣቴን ሰነዘርሁ። ጋሽ ቢተው በዓይኔ መጡብኝ። አንድ ደረጃ ዝቅ አደረግሁትና ወጣሁ። መበለቶቹ ዛሬም ቤተሰቤን ይጠይቁኛል።

ባለፈው ሳምንት ከዘሪቱ አዲስ ቢሮ የመጀመሪያው ኢሜይል መጣልኝ። እንዲህ ይላል፤ «ጤና ይስጥልኝ ውድ ወንድሜ። ቤተሰብዎ እንዴት ነው? እኔ ባሌ ጄኔራል ያልሆነ ምስኪን ሴት ነኝ። ከብዙ ሺሕ ሰዎች መካከል እርስዎ በዕድል ተመርጠዋል። ከሐይቅ ዳር ዓሣ፣ ከጉሊት ሽንኩርት ይዘው በአስቸኳይ ቤት ካልገቡ ዕድልዎ ይሰረዛል።» ተመርጠሃል ተብዬ እውነት የሆነልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከቢሮ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። የሚያምር ዓሣ ገዛሁ፤ በላስቲክ አስቋጠርሁ፤ በፍጥነት ወደ ቤት ልመለስ ዘወር አልሁ።

«እንደምን አሉ ጋሼ» አለኝ አንድ ሰው ከኋላዬ። «ቤተሰብ ደኅና?»

ዓሣው ገዳም ተሳልሞ ነው ቤት የገባው።