የዶክተር ሱሬሽ ኑዛዜ

በሰው አገር መኖር ከባድ ነው የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርሩት ስለ ምግቡና ስለ ብርዱ ነው። እኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው ጎረቤት ነው እላለሁ። ምግቡ ቀስ በቀስ ይለመዳል፣ ብርዱንም ጋቢ ይመክተዋል፤ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ "እንዴት አደሩ?" ሲል ስንት ደቂቃ የሚፈጅ መልስ እንደሚጠብቅ ግን የሚያስተምር የለም። እኛ የባሌ ሮቤ ሰዎች ደግሞ በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ የምንጨርሰው፣ ከጤና ተነሥቶ በልጆች፣ በከብቱና በገብሱ በኩል ዞሮ ዝናቡ ላይ የሚያርፍ ሰላምታ አለን። ለቸኮለ ሰው አይሆንም።

ዶክተር ሱሬሽ ሁልጊዜ የቸኮሉ ይመስላሉ። ከህንድ መጥተው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ፣ ከእኛ ግቢ ጋር አንድ አጥር የሚጋሩ ሰው ናቸው። ሰላምታችን ገና ከልጆቹ ሳይደርስ "ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ" ይሉና በራቸውን ይዘጋሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርን። ሰፈሩም ፈረደ፤ ኩሩ ናቸው ተባለ።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ዶክተሩ ሁለት ቀን ሙሉ ብቅ ሳይሉ ቀሩ። እሑድ ጠዋት አጥራቸው ሥር ተሰብስበን፣ ከውስጥ የሚሰማውን ሳል እያዳመጥን፣ ይንኳኳ አይንኳኳ ብለን ሸንጎ ተቀመጥን። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ የውጭ ሰው ብቻውን መሆን እንደሚወድ ለማስረዳት ጀመርኩ። የሰፈራችን ትልቅ ሴት አዴ ፋጡማ አላስጨረሱኝም።

"ብቻውን መሆን ይውደድ። እንዲህ ማሳልንም ይወዳል?" አሉና በሩን በምርኩዛቸው ይደበድቡት ጀመር።

መልስ ሲጠፋ ገፍተን ገባን። ዶክተሩ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበው እንደ እሳት ይነዳሉ። ደጋግፈን ጎባ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ የሳንባ ምች መሆኑን ነገረንና "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…" ብሎ የቀረውን ዋጠው። ዋጠው እንጂ እኛ ሰምተነዋል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሚኒባስ ሞልቶ ሊጠይቅ ሄደ። አልጋውን ከበን ቆምን። እንደ ወጉ ፊታችንን አጥቁረናል። አቶ ግርማ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ይተክዛሉ፤ አዴ ፋጡማ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። ዶክተሩ ዓይናቸውን ገለጡ። አንድ በአንድ አዩንና ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔን ጠቀሱኝ።

"ገብቶኛል" አሉኝ በእንግሊዝኛ። "ሐኪሙ ለእናንተ ነግሯችኋል ማለት ነው። ለባለቤቴ አልተሠቃየም በላት። ልጄ በእኔ ሐዘን ፈተናዋን እንዳታቋርጥ። ጎረቤቶቼንም ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ ቤታችሁ መግባት እፈልግ ነበር። ግን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።"

ተረጎምኩት። እንዴት እንደ ጨረስኩት አላውቅም። በሩ ክፍት ለሆነ ቤት ጥሪ ምን ያደርጋል እያልን ሁለት ዓመት ስንጠብቃቸው፣ ለካ እሳቸው ደግሞ ጥሪ ሲጠብቁ ኖረዋል! ክፍሉ በለቅሶ ተናወጠ። ዶክተሩም ለቅሶውን ሲሰሙ ይባስ ተስፋ ቆረጡ።

ነርሷ እየሮጠች ገባች። "ማነው የሞተው?"

"ገና ነው" አሏት አቶ ግርማ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ሙቀታቸውን ለካች፣ ወረቀቱን አገላበጠች። "ትኩሳቱ እኮ ለቋቸዋል! በሁለት ሦስት ቀን ይወጣሉ።"

ይህንኑ ለዶክተሩ ተረጎምኩላቸው። ዶክተሩ ግን አላመኑም። "ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ለምን መጣ?"

ለአዴ ፋጡማ ስተረጉምላቸው ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። "ታሞ የለም እንዴ? ልንጠይቀው ነዋ!"

መልሳቸውን ስነግራቸው ዶክተሩ ሳል እስኪያቋርጣቸው ድረስ ሳቁ። እኛም ያላለቀ እንባችንን በሳቅ ጨረስነው።

ከወጡ በኋላ ቤታቸው ጠያቂ ተለይቶት አያውቅም። አንዱ አጥሚት ይዞ ሲወጣ ሌላው ወተት ይዞ ይገባል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዶክተሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው መዳናቸውን ለሰፈሩ የሚያረጋግጥ ወረቀት ከሐኪሙ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ።

ወረቀቱ እንደማይጠቅማቸው ነገርኳቸው። እኛ ጋ ሰው የሚድነው አዴ ፋጡማ ድኗል ሲሉ ነው።